የዳኛው በሬዎች ስም ነበራቸው

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀናሁበት ሰው ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላው ሦስት ዓመት የቀረው ሽማግሌ ዳኛ ነበር። ሁለተኛዋ ጃኔል ናት። እሷ እንኳ በሕይወት ነበረች፤ ያውም እኩያዬ፣ ያውም ፀጉሯ ላይ ጭንቅላቷን ባነቃነቀች ቁጥር የሚንሿሿ ዶቃ የተሰካላት። ሁለቱም የወሰዱብኝ አንድ ነገር ነው፤ የአባቴን ቅዳሜ።

ጊዜው 1996 ነው፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር። አሥር ዓመቴ ነው። አባቴ እንየው ጉግሳ አገር ቤት እያለ የአውራጃ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኤርፖርት ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትኬት ይቀበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከምንኖርበት ከቴክሳሷ ሮውሌት ግማሽ ሰዓት በምትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ድሮ ፍርድ ቤት የነበረ ሙዚየም ያጸዳል። እናቴ ዓለምጌጥ ቅዳሜ የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍት ስላላት እኔን አባቴ ይዞኝ ይሄዳል።

ሬጅስትራርነቱ ግን ከሰውየው አልወጣም። ከሥሩ የግልባጭ ካርቦን ሳያስገባ የሚጽፈው ወረቀት የለም። አሞኝ ከትምህርት ቤት ስቀር ለአስተማሪዬ የሚልካት ሁለት መስመር ማስታወሻ እንኳ ከግርጌዋ፣ «ዋናው፦ ለመምህርቷ። ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት» ይባልባታል። መዝገብ ቤት ማለት አልጋቸው ሥር ያለ የጫማ ካርቶን ነው። እናቴ፣ «እኔንስ ስታገባኝ ግልባጭ አስቀርተሃል?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ያቺ የመኪና ግማሽ ሰዓት የእኔ ነበረች። አባቴ አሮጌዋን ኮሮላችንን ሃይዌይ ላይ እንዳወጣት፣ «ማን ነሽ?» ይለኛል።

«እስከዳር!»

«የማን ልጅ?»

«የእንየው። እንየው የጉግሳ፣ ጉግሳ የመንገሻ፣ መንገሻ የእንግዳ፣ እንግዳ የዘለቀ፣ ዘለቀ የቢያድግልኝ።»

ከእኔ ጋር ሰባት ቤት። አንዱን ከዘለልኩ ክላክሱን ጷ ያደርገዋል። ከፊታችን ያለው ሹፌር በመስታወት እያየ ይሳደባል፣ እኛ በሳቅ እንሞታለን። ሰባት ቤት የሚያስቆጥር የልጁ አባት ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ከሌላ ሰው ጋር ሲያደርገው አይቼ ስለማላውቅ ነው።

እዚህ መሀል ነው ዳኛው የገባው። ዳኛ ሲላስ ሃርግሮቭ። ፎቶው የሙዚየሙ ደረጃ አናት ላይ ተሰቅሏል፤ ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ አንድ ዓይኑ ገርበብ ያለ ሰውዬ። በእጁ የጻፋቸው ደብተሮች ምድር ቤት በሳጥን ታጭቀው ተቀምጠዋል። ሲያረጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጽሑፉን የሚያነብለት ጠፍቶ ነው። አባቴ አንድ ቀን ወለል ሲወለውል አንዱን ገለጥ አድርጎ አየና እንደ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ። ምን ይገርማል! የወረዳ ጸሐፊዎችን ጭረት ሲፈታ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ ተገርማ፣ ጽዳቱን ሲጨርስ ቁጭ ብሎ እንዲያነብ ፈቀደችለት።

ከዚያ ወዲህ መኪናችን ውስጥ ሦስት ሆንን። «ዳኛው እኮ...» ይላል አባቴ፣ ትናንት አብሮት ምሳ የበላ ይመስል። ዳኛው በሃያ ሁለት ዓመቱ ዱክና ዳን የሚባሉ ሁለት በሬዎች ሠረገላ ላይ ጠምዶ ከቴነሲ ቴክሳስ ገባ። ዳኛው መጀመሪያ ችሎት የተቀመጠው ፒካን ዛፍ ሥር ነው፤ ፍሬው አናቱ ላይ እየወደቀ ይፈርዳል። ፈረስ የሰረቀውን ሰውዬ ወህኒ አውርዶት ሲያበቃ ለሚስቱ የሚታለብ ላም ላከላት። ፍርድ ቤቱ ከነመዝገቡ በተቃጠለ ጊዜ፣ የማን መሬት ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ከጭንቅላቱ እያወጣ ክረምቱን ሙሉ ሲጽፍ ከረመ። አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ መሪውን መታ ያደርጋል። «ግልባጭ አላስቀረማ! እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ግልባጭ አያስቀርም?» በስተርጅናው ደግሞ በበቅሎ ከቤት ቤት እየዞረ፣ ሽማግሌ እየጠየቀ፣ ካውንቲ የሚሉትን የአውራጃውን ታሪክ በወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም አለበት። የራሱ ውሾች ስም ሳይቀር።

ዱክና ዳንን ወደድኳቸው። ዳኛውን ግን ዓይኑን ማየት አልፈልግም ነበር! ሰባት ቤቴን ቆጥሬ ሳልጨርስ አባቴ፣ «ኦኬ፣ ጎበዝ፤ ዳኛው እኮ...» ሲል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ደረጃውን ስወጣ ሰው አለመኖሩን አይቼ ምላሴን አወጣበት ነበር።

አባቴን እዚያ ሥራ ያስገባችው ሚስ ኦፓል ናት፤ የዚያን ቤት መስኮት ስትወለውል ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ደልደል ያለች ሳቂታ ጥቁር አሜሪካዊት። መስከረም ላይ የሴት ልጇን የዴኒስን ልጅ ጃኔልን ይዛ መምጣት ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ምድር ቤት ሲያወሩ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። እናቷ ሉላ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ሉላ አያቷን ኢስተርን ታውቃታለች፤ ያሳደገቻት እሷ ናት። ኢስተር ግን የገዛ እናቷን ስም ሳታውቅ ነው የሞተችው፤ እናቷን ያጣቻት በሦስት ዓመቷ ነበር።

«እማማ ያንን ስም ሳትሰማ መሞት አትፈልግም» አለች ሚስ ኦፓል። «የዳኛው ሰዎች ነበርን። መጽሐፉ ውስጥ የለንም። ደብተሩ ውስጥ ካለን ብዬ ነው። ካገኘኸው ግን ለእኔ እንዳትነግረኝ፤ መጀመሪያ እሷ ትስማው።»

አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እፈልገዋለሁ» አላት።

እኔ ዘመዶቹ ናቸው ብዬ ነው የተረዳሁት። ዳኛው ነጭ እነሱ ጥቁር መሆናቸው ግራ ቢያጋባኝም፣ አሜሪካ ውስጥ ግራ የማያጋባ ነገር አላገኘሁምና ተውኩት። ባሪያዎቹ እንደነበሩ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አባቴ አምስት ቅዳሜ ፈለገ። ጃኔል አጠገቡ ተቀምጣ ገጽ ትገልጥለታለች። አንድ ቀን ኬኳን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። «ጠግቤያለሁ» አልኳት። የምን መጥገብ፣ ርቦኝ ነበር።

በስድስተኛው ቅዳሜ ከሽንት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ደርሼ ቀጥ አልኩ። አባቴ በእንግሊዝኛ፣ «ማን ነሽ?» ይላል።

«ጃኔል!»

«የማን ልጅ?»

«የዴኒስ። ዴኒስ የኦፓል፣ ኦፓል የሉላ፣ ሉላ የኮራ፣ ኮራ የኢስተር፣ ኢስተር የ... የ...»

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የእንግዳ መቀበያ ቃጭል በመዳፉ መታት። ጃኔል ከት ብላ ሳቀች፤ ዶቃዋ ተንሿሿ።

«ቫይኒ» አላት አባቴ። «ኢስተር የቫይኒ። ይኸው ሰባት። በይ፣ እንደገና።»

ክላክሳችንን! የእኔና የእሱን ክላክስ! እንዴት እንደቀናሁ አሁን ስናገረው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ያቺን ቃጭል አንስቼ ጭንቅላቷን ባልኳት ደስ ይለኝ ነበር። ዓይኔ እያየ አባቴን ተነጠቅኩ አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «ዳኛው እኮ» አላለም። እንዲያወራኝ ብዬ፣ «አባዬ፣ ዱክና ዳን ወንዙን ሲሻገሩ ምን ሆኑ?» አልኩት። ብዙ ነዳ።

«በሬዎቹ ስም ነበራቸው» አለ መጨረሻ ላይ። ሌላ አልጨመረም። ሰባት ቤትም አላስቆጠረኝም። ወሬውንም ክላክሱንም ለእሷ አስረክቦ የጨረሰ መሰለኝ።

ያን ቀን ደብተሩ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ የነገረኝ ኮሌጅ ስገባ ነው። ዳኛው ከቴነሲ ስለመጣበት ጉዞ በእጁ ሲጽፍ፣ «ቫይኒ፣ አሥራ አራት ዓመት ገደማ፣ ከሠረገላው ኋላ በእግሯ» ይላል። ሌላ ቦታ፣ «ቫይኒ ኢስተርን ወለደች» ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ «ቫይኒ በትኩሳት ሞተች»። ያውቃት ነበር። መጽሐፉን ሲያሳትም በሬዎቹን አስገብቶ እሷን ተዋት። አባቴ እንደ ሙያ ወንድሙ የወደደው ሰውዬ ነው ይህን ያደረገው።

በማግስቱ ከቸርች ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ የተኛሁ መስዬ አዳመጥኳቸው።

«ልጅቷ አባት የላትም ነው ያልከኝ?» አለች እናቴ።

«የላትም።»

«ሶ፣ አንተ ልትሆናት ነው?»

«ሰባት ላድርሳት ብዬ ነው እንጂ፣ ዓለሜ። ያኔ ያልጻፍኩትን አሁን ልጻፍ።»

«አንተ እኮ ታዘህ ነው» አለችው እናቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ዳኛውም ምክንያት አያጣም።»

እኔ ይዤ የቀረሁት «ልትሆናት ነው» የሚለውን ነው። አለቀ፣ አባቴ የጃኔል አባት ሊሆን ነው! ስለ መታዘዙ እናቴ የነገረችኝ እሱን ከቀበርን በኋላ ነው። በደርጉ ክፉ ዓመት አንድ ጠዋት፣ ከእስር ቤት ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎችን መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር አዘዙት። በስማቸው አይደለም። «አሥራ አንድ ሰዎች» ብለህ ጻፍ አሉት። ጻፈ፤ ማኅተም አደረገበት። በሕይወቱ ግልባጭ ያላስቀረበት ወረቀት ያ ብቻ ነው አለችኝ።

እኔ ግን አሥር ዓመቴ ነው፣ በቅናት እየተቃጠልኩ ነው። ሻወር በገባሁ ቁጥር የጃኔልን ሰባት ቤት ድምጿን እያስመሰልኩ እለዋለሁ። ዴኒስ፣ ኦፓል፣ ሉላ፣ ኮራ፣ ኢስተር፣ ቫይኒ። በራሷ ሰባት ቤት ልበልጣት! ቅዳሜ ስንሄድ እሷ ኢስተር ላይ ደርሳ ስትደናቀፍ፣ እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። ቫይኒ በእግሯ እንደመጣችም እዚያው ቆሜ ነው አባቴ ለጃኔል ሲነግራት የሰማሁት።

የሚስ ኦፓል ቤተሰብ ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ቸርቻቸው አዳራሽ ሊሰበሰብ ተቀጠረ። ጃኔል በሉላ ፊት ቆማ ትቆጥራለች፤ አባቴ ደግሞ ወረቀቱን ለሉላ ይሰጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ወረቀቱን አየሁት። ምድር ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ ቡናማ ፖስታ ውስጥ። ወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ስም ከስም ሥር ወርዷል። ከሁሉም በላይ «ጃኔል» ይላል፤ አባቴ ለትልቅ ቦታ ብቻ በሚያወጣው በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ። ፊርማው ከታች አለ። የእኔን ስም በዚያ እጅ ጽፎልኝ አያውቅም።

የጉዲፈቻ ወረቀት ነው አልኩ። ምንም አልተጠራጠርኩም። ከፖስታው መዝዤ፣ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ለአራት ቀድጄ ጣልኩትና ውሃ ለቀቅኩበት። አልወርድ አለ። ሦስት ጊዜ ለቀቅኩ። ባዶውን ፖስታ ቦታው መለስኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚስ ኦፓል ከላይ፣ «ሚስተር እንየው፣ የሴቶቹ ሽንት ቤት ሞልቷል!» ብላ ተጣራች። አባቴ ባለ እንጨት እጀታውን ላስቲክ ይዞ ገባ። ቆየ። ሲወጣ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፣ እጁ እርጥብ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየኝ። ሊናገር ነው ስል፣ «ኮትሽን ልበሺ፣ እንሂድ» አለኝ። አይ እኔ! ደክሞት ነው ያልኩት።

የቀጠሮው ቀን አዳራሹ የተጠበሰ ዶሮና የፀጉር ቅባት ይሸታል። ሴቶቹ ትልልቅ ባርኔጣ አድርገዋል። ሉላ መሀል ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፣ እጇ ላይ ነጭ ጓንት አለ። አባቴ ቡናማ ኮቱን ለብሷል። ያንን ባዶ ፖስታ ይዞ ተነሳ። ከፈተው። ገልብጦ አሳያቸው።

«ይቅርታ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ወረቀቱ ከእጄ ወጥቷል። ልጆቹ ግን ያውቁታል።»

ጃኔል ተነሳች። ሐምራዊ ቀሚስ፣ ሐምራዊ ዶቃ። «ጃኔል። የዴኒስ። ዴኒስ የኦፓል፣ ኦፓል የሉላ...» ሉላ ስሟ ሲጠራ አንገቷን ቀና አደረገች። «ሉላ የኮራ፣ ኮራ የኢስተር፣ ኢስተር የ...»

ቆመች። የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች። «ቀስ ብለሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለች አንዷ። «አይዞሽ፣ ማሬ» አለች ሌላዋ። ሉላ ጓንቷን ጭኗ ላይ እያሻሸች ትጠብቃለች። ሰው ሁሉ አባቴን አየ። ጨርሶ ሊለው ይችል ነበር። እጁን ከደረቱ ሳያወርድ እኔን ያያል። እኔን ብቻ።

ለሉላ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ጃኔልን ሲያባብላት ማየት አንገበገበኝ። ስም ጠፍቶባትም ቆንጆ፣ ማር! እኔ በቃሌ የማውቀውን!

«ቫይኒ!» ብዬ ጮኽኩ። «ኢስተር የቫይኒ!»

«ማን ናት እሷ?» አለች ሉላ። «ወደዚህ አምጡልኝ።»

ወሰዱኝ። በጓንት እጇ ፊቴን ያዘችው። «ድገሚው።»

«ቫይኒ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከቴነሲ ከሠረገላው ኋላ በእግሯ ነው የመጣችው።»

«እግር» አለች ሉላ። «ኢስተር ማታ ማታ እግራችንን ስታጥበን፣ ‹ይሄ የእናቴ እግር ነው፣ ተጠንቀቁለት› ትለን ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም።» ከዚያ ቫይኒ፣ ቫይኒ እያለች ማልቀስ ጀመረች። ሚስ ኦፓል አለችው፤ አጠገቧ ያለው ሰውዬ አለው፤ አዳራሹ በሙሉ ተቀባበለው።

ጃኔል ከዳር ቆማ ታየኛለች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ የራሴ ነበር። ደስ አለኝ። የሚያኮራ ነገር አይደለም፤ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

ስንመለስ አባቴ ሃይዌይ ላይ እንደወጣን፣ «ማን ነሽ?» አለኝ። አንድም ሳልዘል እስከ ቢያድግልኝ ቆጠርኩለት። ሆኖም ክላክሱን ጷ አደረገው፤ ከፊታችን መኪና እንኳ አልነበረም። ስለ ፖስታው ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ሳልያዝ አመለጥኩ ብዬ ሃያ ምናምን ዓመት ኖርኩ።

ሉላ በሚቀጥለው የካቲት ሞተች። የመቃብር ድንጋዩ ላይ ሰባቱንም አስጽፈዋል። ጃኔል ዛሬ ሌዊስቪል ናት፤ ታላቋን ልጇን ቫይኒ ብላታለች። በዓመት አንዴ እንደዋወላለን። ወረቀቱን ምን እንዳደረግኩት ነግሬያት አላውቅም።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ዓርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ልብሱን ለሰው እንድሰጥላት ጠራችኝ። ቡናማው ኮት አሁንም ማንጠልጠያው ላይ ነው። የደረት ኪሱ ውስጥ ለአራት የታጠፈ ስስ ወረቀት አገኘሁ። የካርቦን ግልባጭ ነው፤ ሰማያዊው ደብዝዟል። ያቺ እጁን አድርጎባት የቆመባት ኪስ ናት። ካርቦን ሳያስገባ እንደማይጽፍ እያወቅኩ እንዴት ረሳሁት?

ዘረጋሁት። ከሁሉም በላይ «ጃኔል» ይላል፣ በዚያ በሚያምር እጁ። ይታያችሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ትንሽ ቅር አለኝ። ስሞቹን አንድ በአንድ ወረድኩ፤ ዴኒስ፣ ኦፓል፣ ሉላ፣ ኮራ፣ ኢስተር፣ ቫይኒ። ፊርማው። ከፊርማው በታች፣ በካርቦን ሳይሆን በኋላ በእስክሪብቶ የጨመራት አንዲት መስመር አለች። ቀኑ ሽንት ቤቱ የሞላበት ቅዳሜ ነው።

«ዋናው፦ በእስከዳር እጅ። ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት።»